«እርስ በርስ»፣ «የሰሜንና የደቡብ» ወይስ «የመገንጠል»? የሱዳን ጦርነት ስሞች

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሱዳን የቆየ ጦርነት የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው አንዴ «የእርስ በርስ ጦርነት»፣ አንዴ «የሰሜንና የደቡብ ጦርነት»፣ አንዴ ደግሞ «የመገንጠል ጦርነት» ይላል። ሦስቱ አንድ ናቸው እንዴ? «እርስ» ራሱስ ምን ማለት ነው?

መልስ፦
ከ«እርስ» ልጀምር። ከግዕዙ «ርእስ» የመጣ ነው፣ ራስ ማለት። «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርስዎ» የምንለውም ከዚሁ ነው። «እርስ በርስ» እንግዲህ ራስ በራስ እንደማለት ነው። የአንድ አገር ሰዎች ሲዋጉ ይሠራል፣ ሱዳን ላይም በደንብ ይገባል። በደቡቧ ከተማ ቶሪት የነበሩ የደቡብ ወታደሮች ያመፁት በ1955 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ነፃነቱ የመጣው በ1956 መጀመሪያ። ማለትም አገሪቱ ገና ሳትወለድ ጠቡ ተጀምሯል።

ሌላ መልስ፦
እኔ ብሆን «የሰሜንና የደቡብ»ን እሰርዘዋለሁ። ለካርታ ይመቻል እንጂ ሰዎቹን ይደብቃል። በ1983 በተጀመረው ሁለተኛው ጦርነት ከደቡቡ አማፂ መሪ ከጆን ጋራንግ ጎን ከተሰለፉት ውስጥ የኑባ ተራሮችና የብሉ ናይል ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም አካባቢዎች ደቡቡ ከተለየበት ከ2011 በኋላ እንኳ የቀሩት ከሰሜን ጋር ነው። በ1991 ደግሞ ከአዛዦቹ አንዱ ሪክ ማቻር ከጋራንግ ተለየና ደቡብ ከደቡብ ተፋጀ። በደቡቧ ከተማ ቦር አካባቢ የሞተው ሰላማዊ ሰው ብዙ ነው። ይሄ የየትኛው አቅጣጫ ጦርነት ይባላል?

መልስ፦
«መገንጠል»ም ጣጣ አለው ወዳጄ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ይገነጠላል፤ ቃሉን የሚናገረው ሁሌ ግንዱ ላይ የቆመው ነው። የሄደው ሰው «ነፃ ወጣሁ» ነው የሚለው። ደግሞም ጋራንግ በይፋ ይል የነበረው «አዲስ ሱዳን» ነው፣ ያልተከፋፈለች አገር። የመጀመሪያው ጦርነት አማፂዎች፣ አኛኛዎቹ፣ ግን መለየትን ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊህ ሁለቱንም ጦርነት «የመገንጠል» ካለ ተሳስቷል።

ጠያቂው፦
አኛኛ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ምንድን ነው?

መልስ፦
በማዲ ቋንቋ የእባብ መርዝ ማለት ነው። የሽምቅ ተዋጊዎቹ መጠሪያ ሆነ። ስም ሲያወጡ አልቀለዱም! ያ ጦርነት የቆመው በ1972 የአዲስ አበባ ስምምነት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በማስታረቁ እጃቸው ነበረበት። ደቡቡ የራሱ ምክር ቤት ኖሮት ጁባ ላይ ራሱን እንዲያስተዳድር ተፈቀደ። በ1983 የሱዳን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን ሦስት ቦታ ከፈለው፣ በዚያው ዓመት የሸሪዓ ሕግ አወጀ። በመሐል ነዳጅ ተገኝቷል፣ እሱም ቤንዚን አርከፈከፈበት። ቦር ያሉት ወታደሮች ሲያምፁ ስምምነቱ አበቃለት።

ሌላ መልስ፦
የጋምቤላ ሰው ካለ ይጨምርበት። የጋራንግ ጦር ደርግ እስኪወድቅ መሠረቱ እዚያ ነበር፣ እዚያው ያለችው ኢታንግም በስደተኞች ተሞልታ ነበር። በ1991 ሁሉም ወደ ሱዳን ተመለሰ። የማቻር መለየት የመጣውም በዚያው ዓመት ነው።

ጠያቂው፦
በ2011 ሕዝበ ውሳኔስ ምን ቃል ተጠቀሙ?

መልስ፦
ወረቀቱ ላይ ምርጫው «አንድነት» ወይም «መለየት» ነበር። ማንበብ ለማይችል ሥዕል ተጨመረ፤ ለአንድነት የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ ለመለየት አንድ የተዘረጋ እጅ። ከ98 በመቶ በላይ አንዱን እጅ መረጠ። ለጽሑፍህ እንግዲህ ለጦርነቱ «እርስ በርስ»፣ ለ2011ዱ ውሳኔ «መለየት» በል። «መገንጠል»ን የካርቱም መንግሥት ሲናገር ብቻ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጠው።

ጠያቂው፦
በ2013 መጨረሻ ጁባ ላይ የተነሳውንስ?

መልስ፦
እሱም እርስ በርስ ነው፣ የደቡብ ሱዳን። ብቻ የአገሩን ስም ሙሉውን ጻፈው፣ አለበለዚያ አንባቢ ከካርቱም ጋር ያምታታዋል።