የረጠበ መጽሐፍ ገጾቹ ተጣብቀውብኛል፤ ከእሑድ በፊት ምን ላድርግ?

ከበሬሳ ማዶ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ። ትናንት ሌሊት በረዶ ቀላቅሎ የጣለው ዝናብ በጣሪያው ሾልኮ በጠረጴዛዬ ላይ በነበረው መጽሐፍ ላይ ወርዶበታል። የኋለኞቹ ገጾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አልላቀቅ ብለዋል፤ አንዱማ ገና ስነካው ጫፉ ተቀደደ። መጽሐፉ ከቀድሞ መምህሬ የተዋስኩት ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ደግሞ በንባብ ክበባችን በቅርቡ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት የምናገረው እኔ ነኝ።

ያሰብኩት ሁለት መጻሕፍትን ላነጻጽር ነው። አንደኛው በ1908 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬኔት ግሬሃም «ነፋስ በአኻያዎች መካከል» ሲሆን፣ ስለ ቤት፣ ስለ እሳት ዳርና ስለ ወዳጅነት የሚያወራ፣ በክረምት ባና ተከናንበው የሚያነቡት፣ ምንም የማያስደነግጥ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው የዡል ቬርን «በ80 ቀናት ዓለምን መዞር» ነው፤ ይህኛው እንቅልፍ ይነሣል። የረጠበውም ይኸው ነው። በ80 ቀናት ዓለምን ሊዞር የተወራረደው ፊሊያስ ፎግ ሊቨርፑል ሲደርስ መርማሪው ፊክስ ከያዘው በኋላ ያለው ሁሉ ተጣብቋል። እባካችሁ ፍጻሜውን ሳትነግሩኝ ገጾቹን የማላቅቅበትን ዘዴ ብቻ ንገሩኝ። ከምድጃ አጠገብ ላስቀምጠው ወይስ ፀሐይ እስክትወጣ ልጠብቅ?

የጣርማ በር ጉም፦

በነሐሴ፣ በደብረ ብርሃን፣ ፀሐይ እስክትወጣ የሚጠብቁ ከሆነ የክበቡን ስብሰባ ወደ መስቀል ማግሥት ማዛወሩ ይሻላል። እኔ ከምድጃው ያስጠጉት ባይ ነኝ፤ እግረ መንገዱንም መጽሐፉ ቡና ይጠጣል።

ጠራዡ፦

ከምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አያስቀምጡት። ድንገተኛ ሙቀት ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ በጀርባው ያለውን ሙጫም አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ የሚነደው ኩበት ከሆነ ደግሞ ጭሱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ጠረኑ ሳይለቅ ይኖራል። ይልቁንስ ያልነገሩን ዋና ነገር አለ፦ ወረቀቱ ተራ ነው ወይስ እንደ መጽሔት የሚያብረቀርቅ? የሚያብረቀርቀው ወረቀት ፊቱ በነጭ ሸክላ አፈር የተቀባ ስለሆነ፣ እንደተጣበቀ ከደረቀ ከዚያ በኋላ የሚያላቅቀው ነገር የለም። ስለዚህ ገና እርጥብ ሳለ በእያንዳንዱ ገጽ መካከል መለያ ወረቀት ሊገባበት ይገባል።

ተራ ወረቀት ከሆነ ግን ጊዜ አለዎት። መጽሐፉን በደረቀው ጠርዙ በኩል አቁመው ገጾቹን በመጠኑ ዘርጋ ያድርጓቸው፣ በየ10 ወይም በየ20 ገጹም ሶፍት ወይም ሌላ ውሃ የሚመጥ፣ ጽሕፈት የሌለበት ወረቀት ያስገቡ። የሚያስገቡት ወረቀት የመጽሐፉን ውፍረት ከሲሶ በላይ እንዳይጨምረው ይጠንቀቁ፤ አለዚያ ጀርባው ይጣመማል። ሶፍቱ በረጠበ ቁጥር ይለውጡት። ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያስተላልፍ አይሆንም። አሁን የተጣበቁትን ገጾች አይጎትቷቸው፤ እርጥበቱ ጋብ ሲልላቸው ከጫፍ ጀምሮ ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ በቀስታ እያስገቡ ይለያዩዋቸው።

መምህር ዘሰላ ድንጋይ፦

ጥያቄው ስለ እርጥብ መጽሐፍ ቢሆንም እኔን ያሳሰበኝ ንጽጽሩ ነው። የቤት ሙቀት ያለባቸውን መጻሕፍት በአንድ ወገን፣ የጀብዱን በሌላ ወገን አቁሞ ማወዳደር በንባብ ክበቦች የተለመደ ቢሆንም መጻሕፍቱ ራሳቸው ይህን አይመሰክሩም። በ1719 እ.ኤ.አ. የታተመውን የዳንኤል ዴፎን «ሮቢንሰን ክሩሶ» እንመልከት። የጀብዱ መጻሕፍት አባት እንደሆነ ይነገርለታል፤ ነገር ግን ሰውየው በደሴቲቱ ላይ ከኖራቸው ከ28 በላይ ዓመታት ውስጥ ማዕበሉ፣ ጠብመንጃውና በአሸዋ ላይ የታየው የእግር ዱካ የያዙት ቦታ ጥቂት ነው። ቀሪው አጥር ማጠር፣ ፍየል ማርባት፣ ሸክላ መተኮስና ዳቦ መጋገር ነው። የዶሮ መኖ የነበረበትን ከረጢት ከአጥሩ ሥር አራግፎ ሳለ ከአንድ ወር ያህል በኋላ ገብስ በቅሎ ሲያገኝ፣ ምክንያቱ እስኪታወሰው ድረስ ተአምር መስሎት የሚያለቅስበት ቦታ አለ። ገብስ አብቃይ በሆነው አገራችን ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ባነበብኩላቸው ጊዜ፣ በመርከቡ መሰበር ያልተገረመው ክፍል ሁሉ በገብሱ ተገርሟል። እኔ እንደማምነው የጀብዱ መጽሐፍ አንባቢን የሚይዘው ጀግናው በሚሮጥበት ገጽ ብቻ አይደለም፤ የሚጠለልበትንና ሊያጣው የሚችለውን ነገር አሳምሮ ባሳየበት መጠን ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከማነጻጸር ይልቅ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ቤቱ የት እንዳለ ቢመረምሩ ንግግራቸው የተሻለ ይሆናል።

ዘወትር አንባቢ፦

ሶፍት ያስገቡበት። እኔም እንዲሁ አድርጌ ድኖልኛል። ሶፍት ነው መፍትሔው።

ባና ለባሿ፦

ከመምህር ጋር እስማማለሁ፤ ከዚህም አልፌ የጠያቂውን መነሻ ራሱን እቃወማለሁ። «ነፋስ በአኻያዎች መካከል» ምንም የማያስደነግጥ መጽሐፍ ነው የሚል ሰው ሦስተኛውን ምዕራፍ ዘሎት መሆን አለበት። የመጽሐፉ ባለታሪኮች እንስሳት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፍልፈሉ ብቻውን በክረምት ወደ ዱሩ ሲገባ መጀመሪያ ከየጉድጓዱ ፊቶች ብቅ ይላሉ፣ ቀጥሎ ፉጨት ይሰማል፣ ቀጥሎም የብዙ እግሮች ኮቴ ይከበዋል። የውሃ አይጡ ሊፈልገው ሲወጣ ሽጉጦች ታጥቆ፣ ዱላ ይዞ ነው። በረዶው መንገዱን ሲያጠፋባቸው፣ ፍልፈሉ በደጃፍ የጫማ መፋቂያ ብረት እግሩ ላይ ይቆስላል፤ ያም ብረት ደጅ መኖሩን ያስታውቃቸውና ባጀር የሚባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ በር ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የባጀር ማድ ቤት፣ እሳቱና እራቱ በዓለም ላይ ካነበብኳቸው ሙቅ ገጾች ሁሉ የሚሞቀው ዱሩ ስላስፈራ ነው። ደግሞስ ጉርጡ መኪና ሰርቆ 20 ዓመት ተፈርዶበት፣ የልብስ አጣቢ ሴት ልብስ ለብሶ ከወህኒ የሚያመልጥበት መጽሐፍ ጀብዱ ካልሆነ ጀብዱ የሚባለው የትኛው ነው?

ከበሬሳ ማዶ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ተራ ነው፣ የማያብረቀርቅና ቢጫ ያለ። ሶፍት አስገብቼበታለሁ፤ ነገር ግን የቤቱ አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ የሚደርቅ አይመስልም።

ባና ለባሿ እኅቴ፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ አልዘለልኩትም፤ ዳሩ ግን ደራሲው አንባቢውን ለረጅም ጊዜ እንዲፈራ አይተወውም፤ ወዲያው በር ይከፈትለታል። ይበልጥ ያስከፋኝ ደግሞ የባሕሩ አይጥ ስለ ደቡብ ወደቦች ሲተርክ የውሃ አይጡ ልቡ ተነሥቶ ጓዙን ሸክፎ ሊሄድ ሲል ፍልፈሉ ይዞ ያስቀረበት ምዕራፍ ነው። ቢሄድ ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይወጣው ነበር፤ እዚያ ላይ የፈራው አይጡ ሳይሆን ደራሲው ይመስለኛል። በቬርን መጽሐፍ ግን ፎግ ከሎንዶን ተነሥቶ በሱዌዝ፣ በኤደን፣ በቦምቤይ አድርጎ ሲሄድ ቤቱን አንድ ጊዜ እንኳ አይናፍቅም። ሐዲዱ ባልተጠናቀቀበት ስፍራ ዝሆን ይገዛል እንጂ አይመለስም። መምህር «ቤቱ የት እንዳለ መርምር» ቢሉኝም ፎግ ቤት የለውም፤ ያለው ሰዓት ነው። የመላጫ ውሃ በ86 ዲግሪ ፋራናይት ፈንታ በ84 ስላመጣለት አሽከሩን ያባረረ ሰው ነው።

መምህር ዘሰላ ድንጋይ፦

ልጄ፣ ፎግ ቤት ባይኖረው አገልጋዩ ፓስፓርቱ አለው። ገና ከሎንዶን ሳይርቁ በክፍሉ ያለውን የጋዝ መብራት ሳያጠፋ መምጣቱ ትዝ ሲለው፣ ጌታው «ሒሳቡን የምትከፍለው አንተ ነህ» ብሎ ያለ ርኅራኄ ይነግረዋል። እንግዲህ እነርሱ ባሕርና በረሃ ሲያቋርጡ ያ መብራት ሌትና ቀን እየነደደ ሒሳቡን ያስቆጥራል። ቬርን ይህን ለቀልድ ብቻ አላስገባውም፤ አንባቢው ዓለምን ሲዞር በሎንዶን የሚጠብቅ ቤት እንዳለ እንዳይዘነጋ ነው። እሑድ ስለ መብራቱ ቢናገሩ አድማጭዎ አይተኛም።

ጠራዡ፦

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የቤቱ አየር እርጥብ ከሆነ የሚያስፈልገው ሙቀት ሳይሆን የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ቬንቲሌተር ካለ በቀጥታ ሳይሆን ከጎኑ እንዲነፍስበት ያድርጉ። እርጥብ ሆኖ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ሻጋታ ሊይዘው ስለሚችል እስከ ነገ ማታ የማይሻሻል ከሆነ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ቅዝቃዜው አያደርቀውም፤ ነገር ግን ሻጋታውን አግዶ ጊዜ ይገዛልዎታል፣ ከእሑድ በኋላም አውጥተው በእርጋታ ያደርቁታል።

የጣርማ በር ጉም፦

በደብረ ብርሃን ቬንቲሌተር የገዛ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፤ ከመጽሐፉ ይልቅ እርሱን ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ። ፍሪዘርም አያስፈልግም፣ በረንዳ ላይ ማሳደር ይበቃል።

የአንኮበር ልጅ፦

እኔን የሚደንቀኝ ከሎንዶን ተነሥቶ ወደ ሎንዶን ስለተመለሰ ልብ ወለድ ሰው ይህን ያህል ስንከራከር፣ ወደ እኛው ደጅ ስለመጡት እውነተኛ ተጓዦች አለመነጋገራችን ነው። ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር መጥቷል። በ1844 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ አለ። ቋንቋው ያበጠ ነው፤ አንድ ተራራ ለመውጣት ሁለት ገጽ ቅጽል ይደረድራል፣ ስለ ሕዝባችንም በንቀት የሚጽፍበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ቢሆንም ከሚያቃጥለው ቆላ ወጥቶ የደጋውን ብርድ፣ የገብስ ማሳውንና አረንጓዴውን መስክ ሲያይ የሚጽፈው ክፍል፣ መምህር ያሉትን የመጠለያ ነገር ከክሩሶ ባልተናነሰ ያሳያል። ጠያቂው ሦስተኛ መጽሐፍ ቢጨምሩ ይህንን እመክራለሁ።

ባና ለባሿ፦

ሦስተኛ መጽሐፍ የሚጨመር ከሆነማ በ1937 እ.ኤ.አ. የታተመው የቶልኪን «ሆቢት» ይቅደም። የመጽሐፉ ጀግና ቢልቦ ዘንዶ ወዳለበት ተራራ እየሄደ በየመንገዱ የሚናፍቀው በቤቱ ምድጃ ላይ ያለውን የሻይ ጀበና ነው። ጠያቂው ወንድሜ የውሃ አይጡ ባለመሄዱ ከተከፉ፣ ይህኛው ሄዷልና ይካሱበት።

ስለ መጽሐፉም አንድ ነገር ልበል፤ ቬንቲሌተር ከሌለ የፀጉር ማድረቂያ አለ። በሚሞቀው ሳይሆን በቀዝቃዛው አየር አድርገው፣ ከርቀት፣ እያንቀሳቀሱ ይንፉበት። በየፀጉር ቤቱ ይገኛል።

የጣርማ በር ጉም፦

መጽሐፉ ባይደርቅም አይጨነቁ፤ ፍጻሜውን አልነግርዎትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ፦ ሰውየው የሄደው ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ? ምድር 360 ዲግሪ ናት፤ ፀሐይ መውጫን እየተቀበለ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ቀድሞ ይነጋለታል። ሲባዛ ስንት ይመጣል? እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ዘወትር አንባቢ፦

1,440 ደቂቃ። ይኸውም አንድ ሙሉ ቀን…

ባና ለባሿ፦

ሁለታችሁም እፈሩ! ሰውየው ከመጀመሪያው መልእክታቸው ጀምሮ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ጠራዡ፦

የነገራችሁትን መመለስ ስለማይቻል የሚቻለውን ልጨርስ። ገጾቹ ደርቀው ነገር ግን ተጨማድደው ካገኟቸው መጽሐፉን ዘግተው በሁለት ንጹሕ ጣውላዎች መካከል አድርገው ክብደት ይጫኑበት፤ በካውያ ግን አይተኩሱት። ከጀርባው የተነቀለ ገጽ ካለ አናጺዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በቀጭን ብሩሽ በጠርዙ ላይ ብቻ በስሱ ቀብተው ይመልሱት። ስኮች የሚባለውን ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል። ጫፉ የተቀደደውንም ገጽ ቁራጩ ካልጠፋ በዚሁ ኮላና በስስ ወረቀት መጠገን ይቻላል። ለመምህርዎ ሲመልሱ ግን የሆነውን ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ መጽሐፉ ቢጠገንም የውሃው ጥላ በገጹ ዳር መታየቱ አይቀርም።

የአንኮበር ልጅ፦

ጠያቂው፣ እሑድ እንዴት ሆነላችሁ? ስለ ሃሪስ ተናገራችሁ?

መምህር ዘሰላ ድንጋይ፦

ስለ መብራቱስ?

ዘወትር አንባቢ፦

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያልረጠበውን መጽሐፍ፣ የአኻያዎቹን ማለቴ ነው፣ አንብበው ከጨረሱት ለጥቂት ቀናት ቢያውሱኝ? ጣሪያዬ አያፈስም።