ሞተር ስነዳ እጄ እየደነዘዘ ተቸግሬያለሁ፤ መላ በሉኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር ነው። ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ እየተመላለስኩ በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። 2 ወር ሆነኝ፣ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። 30 ደቂቃ ያህል ከነዳሁ አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ይደነዝዛሉ። አንጓዬ ይጠዘጥዘኛል። ኮብልስቶን ላይማ አይጣል ነው፤ መሪው ሲንቀጠቀጥ ጨምቄ እይዘዋለሁ፣ ስጨምቀው ደግሞ ይብስበታል። ሌሊትም ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል። ካላራገፍኩት አይለቀኝም።

የፍሪሲዮኑን ገመድ ዘይት አስቀባሁት። ግራ እጄን አቀለለልኝ፤ ለቀኙ ግን ምንም አልፈየደ። አንድ መካኒክ የእጅ ፍሬኑ ወደ ላይ ስለተነሣ አንጓዬ ተቀልብሶ እንደሚውል ነገረኝ። ታዲያ ክንዴና የእጄ ጀርባ ቀጥ እንዲሉ ምን ያህል ላውርደው? መሪውን ራሱን ወደ እኔ ማምጣትስ ይረዳል? መያዣውን ጎማ ማልበስስ? ጓንት የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ወፍራሙ ነው ቀጭኑ የሚሻለው? ወፍራሙ ይባስ እንዳያስጨምቀኝ ፈርቻለሁ።

ሐኪም ጋ መሄዴ አይቀርም። ግን ልጆቼን የማበላው በዚህ ሞተር ነው፤ ሥራ አቁሜ መቀመጥ አልችልም። እንዲህ ሆናችሁ የዳናችሁ ሰዎች፣ ምን አድርጋችሁ ቀለላችሁ?