ክርክር፦ የኦቪድ የፍቅር ግጥሞች ለተማሪ ሳይቆረጡ ይሰጡ?

ጥያቄ አለኝ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥንቱን ሮማዊ ገጣሚ የኦቪድን "ሜታሞርፎሲስ" የሚባል የአማልክት ተረት ግጥም ከማንበባችን በፊት ማስጠንቀቂያ ይነገረን ብለው ብዙ አጨቃጭቀው ነበር፤ አማልክቱ ሴት እያሳደዱ ይደፍራሉና። እኔን የሚከነክነኝ ግን "አሞሬስ" የሚባለው የፍቅር መድበሉ ነው። "አፍቃሪ ሁሉ ወታደር ነው" ይላል፤ ሁለቱም ሌሊት ዘብ ይቆማሉ፣ መሬት ላይ ይተኛሉ። ያምራል። ግን ጦርነት ካለ ተሸናፊ አለ። ለልጆቹ ተቆርጦ ቢሰጥስ?

የቀትር ወፍ፦ ኧረ በናትህ! ምኑ ነው የሚቆረጠው? የግጥሙ ፍቅረኛ ኮሪና የምትመጣበትን እየው። ቀትር ነው፣ ይሞቃል፣ የመስኮቱ አንዱ መዝጊያ ተከፍቷል አንዱ ተዘግቷል፣ ብርሃኑ ጫካ ውስጥ ሾልኮ እንደሚገባው ዓይነት ነው። ገላዋን ከትከሻዋ ጀምሮ ሲያወድስ ይቆይና ዋናው ጋ ሲደርስ "የቀረውን የማያውቅ ማን አለ?" ብሎ ጥርቅም። መቀሱን ራሱ ይዞታል።

ጥያቄ አለኝ፦ መሃሉን ዘለልከው እኮ። ቀሚሷን ቀዶታል! "ማሸነፍ እንደማትፈልግ ሰው ታገለች" የሚለንም እሱ ነው። እሷን ማን ጠየቃት?

ጡረተኛው፦ ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ እኮ ሰውየውን በ8 እ.ኤ.አ. ጥቁር ባሕር ዳር ቶሚስ ድረስ በግዞት ላከው። ኦቪድ ምክንያቱ "ግጥምና ስህተት" ነው አለ፤ ግጥሙ "የፍቅር ጥበብ" ነው፣ ስህተቱን ግን ሳይናገር ሞተ። የሮም ከተማ ምክር ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ቅጣቱን ሰረዘለት። ምን ሊያደርግለት!

መምህርቷ፦ ከኮሪና ሁለት ግጥም ዝቅ በሉ። እዚያ ፍቅረኛውን ይመታታል። ከዚያ ራሱ ላይ ይሳለቃል፤ ሂድ ጀግናው፣ የድል ሰልፍህን ውጣ፣ ሴት ልጅ ማረክህ ይላል። ጎሽ ተጸጸተ ስትሉ፣ መጨረሻ ላይ የጥፋቴ ምልክት እንዳይቀር ጸጉርሽን ወደ ቦታው መልሺ ይላታል። ለ"ቦታ" የመረጠው የላቲን ቃል ደግሞ "ስታቲዮ" ነው፣ ዘብ የሚቆምበት። ይቅርታ እየጠየቀም ጸጉሯን እንደ ወታደር ያሰልፈዋል! ይህን ቆርጣችሁ ጣሉና ለተማሪው "አፍቃሪ ወታደር ነው" የሚለውን ብቻ ስጡት፤ ቆንጆ ጥቅስ ይዞ ይወጣል። እኔ ሳልቆርጥ ነው የማስተምረው፣ ምን እንደሚመጣ ግን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ጥያቄ አለኝ፦ የጸጉሩን ነገር አላየሁትም ነበር። መቁረጡንም ተውኩት። ግን መምህርት፣ ራሱ ላይ ይሳለቃል ያሉትን አልቀበልም፤ እየቀለደ ነው የሚያመልጠው።