የሐይቁን ፎቶ ስናሳምር ምን ማጥፋት ይፈቀዳል? የሐዋሳ አማተር ፎቶ አንሺዎች ክርክር

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያከራከረንን ፎቶ ላላያችሁት ላስረዳ። ቦታው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ነው፣ ሰዓቱ አመሻሽ። አንዲት ጀልባ ዳር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የተኛ ውሃ፣ ከላይ ከባድ ደመና። ጥቁርና ነጭ ነው። በጣም ያምራል፣ ብዙዎቻችንም አድንቀነዋል። በኋላ አንሺው ኦሪጅናሉን ሲያሳየን ጀልባዋ ሥር ባዶ ሃይላንዶችና የተቀዳደደ ፌስታል ነበሩ። በስልኩ አጥፍቷቸዋል። አሁን ይሄ ፎቶ ካፌ ግድግዳ ላይ ከምንሰቅላቸው አንዱ እንዲሆን ታጭቷል። ሥሩም «የሐዋሳ ሐይቅ» ተብሎ ሊጻፍ ነው።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ከተማው የሚታወቅበትን ሐይቅ በሚያሳይ ፎቶ ላይ ቆሻሻውን በኤዲት ማጥፋት ተገቢ ነው ወይ?

እኔ አይደለም እላለሁ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የተጣለበት ነገር ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ሩቅ ያለ ሰው ደግሞ ሐይቁን የሚያውቀው በፎቶ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመድም፣ ለጉብኝት የሚመጣው እንግዳም፣ በጀት የሚመድበው ኃላፊም። እኛው አጽድተን ካሳየነው ማን ሊያጸዳው ይነሳል?

የታቦር ልጅ፦
አንሺው እኔ ነኝ። እህቴ፣ በግልጽ ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ግን አልስማማም።

እኔ ዜና አልሠራሁም። የዚያን ምሽት ጸጥታ ነው ለማሳየት የፈለግኩት። ደግሞ ይሄን መልሺልኝ፦ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብሄድ ኖሮ ፕላስቲኮቹ ከፍሬሙ ይወጡ ነበር። ያኔ ማንም ምንም አይለኝም። በእግሬ ሄጄ ባስወጣውና በጣቴ ነክቼ ባጠፋው ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሜሪካዊውን የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስን ሁላችሁም ትጠቅሳላችሁ። በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎን ፓይን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሆኖ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች ሲያነሳ፣ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ተማሪዎች በነጭ ቀለም የጻፏቸው ሁለት ግዙፍ ፊደላት ነበሩ። ፎቶው ከሚታተምበት ፊልም፣ ከኔጋቲቩ ላይ አጠፋቸው። ፎቶው እስከ ዛሬ ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ ነው። ለእሱ የተፈቀደ ለእኔ ለምን ይከለከላል?

ፎቶ ቤቱ፦
ወንድሜን እደግፋለሁ። ማሳመር በስልክ የመጣ ነገር አይደለም። በፊልም ዘመንም ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ይሠራ ነበር። ሙሽራ ፊቷ ላይ ያለውን ብጉር አጥፋልኝ ስትለኝ እምቢ አልልም። ደግሞም ቆንጆ ፎቶ እንግዳ ያመጣል። እንግዳ ከመጣ ባጃጁም፣ ጀልባውም፣ ዓሣ ጠባሹም ይበላል።

መምህሩ፦
ልጆች፣ ሁለት ታሪክ ላንሳ።

አንደኛው፣ በየካቲት 1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ አግድም የተነሳው ፎቶ ለቁም ገጽ እንዲመች ሁለቱን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አቀራረባቸው። ነገሩ ሲታወቅ ብዙ ወቀሳ አስከተለ። ፒራሚዱ የግብጽ ብቻ ሳይሆን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነውና።

ሁለተኛው ለክርክራችሁ ይበልጥ ይቀርባል። በ2010 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ያሸነፈ አንድ ሥራ ተሰረዘ። ፎቶው ወደ ጥቁርና ነጭ ተለውጧል፣ ብዙ ተቆርጧል፣ ኮንትራስቱም (የብርሃንና የጥላው ልዩነት) ተጋኗል። በዚህ አልጠየቁትም። ያሰረዘው ከዳር የምትታይ ትንሽ የሰው እግር በኤዲት መጥፋቷ ነው። እርግጥ ያ የዜና ፎቶ ውድድር ነው፣ የእኛ የመልክዓ ምድር ነው። ነገር ግን መስመሩን የት ጋ እንዳሰመሩት ልብ በሉ።

የመልክዓ ምድር ፎቶ ጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ። ካርልተን ዋትኪንስ የሚባል ሰው በ1861 ያነሳቸው ዮሰማይቲ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሸለቆ ፎቶዎች ዋሽንግተን ደርሰው፣ በ1864 ሸለቆውን የሚጠብቀው ሕግ እንዲወጣ ረድተዋል። ቦታውን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች በፎቶ አምነው ነው የወሰኑት።

የአሞራ ገደሏ፦
እኔ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው ገበያ፣ ዓሣ ነው የምሸጠው፣ ልጄ ነው ይሄን ያነበበልኝ። ጠዋት ጠዋት ካሜራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አባ ኮዳውን፣ መረቡን፣ ቆሮሶ ስናጸዳ እኛን ታነሳላችሁ። ደስ ይለናል። ግን መረቡ ከዓሣው ጋር ፌስታል ይዞ ሲወጣ አንድም ቀን ፎቶ ላይ አላየሁትም። የታቦር ልጅ፣ ቆሻሻው ከከበደህ አጎንብሰህ ብትለቅመውስ ልጄ?

የታቦር ልጅ፦
እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን ብለቅመው ያው ፎቶው ላይ አይኖርም። ታዲያ እሱም ማጥፋት ነው ልትሉኝ ነው?

ጠያቂዋ፦
አልልህም። ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብትሄድ፣ ያ ፎቶ የተነሳበት ቦታ አለ። እኔም ነገ ሄጄ እዚያው ቆሜ ያየኸውን አያለሁ። ዘወር ስል ደግሞ ፕላስቲኩን አገኘዋለሁ። ብትለቅመውም እንደዚያው ነው፣ በዚያ ሰዓት ዳርቻው በእርግጥ ንጹሕ ነበር። በስልክ ያጠፋኸው ግን ማንም ሰው በምንም ሰዓት ቆሞ ያላየው ዳርቻ ነው። ያ ቦታ የለም። የሌለ ቦታ ደግሞ «የሐዋሳ ሐይቅ» ተብሎ ሊጻፍበት አይገባም። «ምሽት» በለው፣ «ጀልባ» በለው፣ አልከራከርህም።

እርግጥ ሁለት እርምጃ ሄዶም ማታለል ይቻላል። ሁሌ ንጹሑን ጥግ ብቻ የሚመርጥ ሰው አለ። ግን እሱን በአንድ ፎቶ አንፈርድበትም፣ የሰውየውን ሥራዎች ደርድረን ነው የምናየው።

አዳምስን ያነሳኸው ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሰውየው ፊደላቱን ማጥፋቱን ራሱ ጽፎታል፣ የሚቃወሙት እንዳሉም አውቆ። የእኔም ጥያቄ ከዚያ አይበልጥም። ያጠፋ ይናገር።

ፎቶ ቤት፣ አንተ ያነሳኸው ሙሽራ ግን የተለየ ነገር ነው። ፊቱ የእሷ ነው፣ ጠያቂዋም እሷ ናት። ሐይቁን አጽድተህ አሳየኝ ያለን ማን ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ሒሱ። ሁላችንም «ዋው» ብለን ማለፋችን አልረዳህም። ፕላስቲኩ ለምን እንደረበሸህ ይገባኛል። በጥቁርና ነጭ ውስጥ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው በጣም ወደ ነጣው ቦታ ነው። ሃይላንዶቹ ደግሞ ከደመናው ይልቅ ነጥተዋል፣ ስለዚህ ጀልባዋን ቀምተውብሃል። ማጥፋት ግን ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። ዝቅ ብለህ ብታነሳ የጀልባዋ ጎን ግማሹን ይሸፍነው ነበር። የዚያን ጥግ ብርሃን ትንሽ ብትቀንሰው ይኖራል፣ ግን አይጮህም። ወይም ደፍረህ ፊት ለፊት አምጣው። ፌስታል ከፊት፣ ጀልባ ከኋላ። እኔ ያንን ፎቶ ባይ ደስ ይለኛል።

የቀለም ሰው፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። ፕላስቲክ ብቻ ነው እንዴ የጠፋው? ውሃው በአልጌ አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩ ያ አረንጓዴ ግራጫ ይሆናል። ኤዲት ላይ የአረንጓዴውን ብርሃን መቆጣጠሪያ ወደ ታች ከሳባችሁት ደግሞ ጠቆር ብሎ ጥልቅ፣ ንጹሕ ውሃ ይመስላል። አንድም ነገር ሳታጠፉ ሐይቁን አጸዳችሁት ማለት ነው።

ሰዓቱም ያግዛችኋል። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። አመሻሽ ላይ ስታነሱ ፀሐይን ፊት ለፊት ታገኛላችሁ፣ ውሃው የሚያሳየው የሰማዩን ነጸብራቅ እንጂ የራሱን ቀለም አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ግን የውሃው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጠያቂዋ፣ ፌስታሉን ከልክለሽ ይሄን ትፈቅጃለሽ?

ጠያቂዋ፦
እፈቅዳለሁ፣ ምክንያቴንም ልናገር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያየ ሰው ዓለም ግራጫ ነው ብሎ አያስብም። ቀለሙ እንደጠፋ ከመጀመሪያው ያውቃል። ፌስታሉ እንደጠፋ ግን በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም። አንተ ያልከው አረንጓዴውን አጨልሞ ጥልቅ ማስመሰል አሳሳቢ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ለእሱ ሕግ ብናወጣ ሰማይ ያጨለመውን ሁሉ ልንከስ ነው። አዳምስ ራሱ በ1927 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቀይ የሌንስ ማጣሪያ (ፊልተር) ሰማዩን ጥቁር እስኪመስል ድረስ አጨልሞታል። ይልቅ ካፌው ውስጥ ከጥቁርና ነጮቹ መካከል ጠዋት የተነሳ አንድ ባለቀለም የውሃ ፎቶ ይኑር። አንተ ብታነሳው ደስ ይለኛል።

የቀለም ሰው፦
አነሳለሁ። ከአሞራ ገደል በኩል።

የታቦር ልጅ፦
እሺ፣ ኦሪጅናሉንም ስቀሉት። ሥሩ ላይ ምን እንዳጠፋሁ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ግን ከሥራዬ አንሶ በትንሹ ይታተም፣ ሰው መጀመሪያ እኔ የፈለግኩትን ይይ።

ፎቶ ቤቱ፦
ሕትመቱን ለእኔ ተዉት። መጠኑን ብቻ ተስማሙ።

ጠያቂዋ፦
እኩል መጠን፣ ጎን ለጎን። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የታቦር ልጅ፦
እኩል ከሆነ ስሜን ከሁለቱም ላይ አንሱት። ቅዳሜ ስንገናኝ ሌሎቻችሁም ድምፅ ስጡበት።