ኦርጅናሉ ዲስክ ከፍላሹ ኮፒ ይልቅ አሸዋ ይበዛበታል፤ ተሸወድን እንዴ?

የመንቲና ልጅ፦
ሰላም ጅማዎች። ስለ ቴሌቪዥን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።

አባዬ በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው አንድ የካውቦይ ፊልም አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጣሊያኖች የሠሩት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያወራልን ኖሯል። መጀመሪያ ፊልም ከሚጭን ልጅ ፍላሽ ላይ አስጫንኩለት። ሁለት ሰዓት የሚሄድ፣ 1.4 ጊጋ የሆነ ፋይል ነው። ስሙ ላይ 1080 ይላል። አባዬ ወደደው። ባለፈው ወር ደግሞ አሜሪካ ያለችው እህቴ ኦርጅናሉን ብሉሬይ ዲስክ ከነማጫወቻው ላከችልን።

ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ዲስኩ ተከፈተ። ሰማዩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሰውዬው ፊት ላይ ሳይቀር ደቃቅ አሸዋ ይርመሰመሳል። አንዴም አይቆምም። አባዬ ትንሽ አየና «ልጄ፣ የውጭው ዝናብ አልበቃን ብሎ ነው?» አለኝ። ጎረቤቶቻችን ሳቁ። እኔ መግቢያ አጣሁ።

ቴሌቪዥኑን የገዛንበት ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ «ገመዱ ነው» ብለው ወርቅ የተቀባ ኤችዲኤምአይ ሸጡልኝ። ለውጥ የለም። ቴሌቪዥኑ 50 ኢንች ፎር ኬ ነው። ችግሩ የቴሌቪዥኑ ነው የዲስኩ? ወይስ እህቴን አስመስለው ሸጠውላት ነው? በ1.4 ጊጋው ላይ እኮ ይሄ አሸዋ የለም!

ፈጣኑ፦
ብሮ ቀላል ነው። ሴቲንግ ግባና ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን፣ ነጠብጣብ የሚቀንሰውን፣ ሃይ አድርገው። ጠርዝ የሚያጎላውን ሻርፕነሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ውሰደው። ጥርት ይልልሃል።

የመንቲና ልጅ፦
ብሮ አይደለሁም፣ እህት ነኝ። ያልከውን ሞከርኩት። አሸዋው እውነትም ቀነሰ። ግን ሰውዬው ሻማ መሰለ። ፂሙ አንድ ላይ ተጣብቆ በብሩሽ የተቀባ ጥቁር ቀለም ሆኗል። በኮፍያው ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ነጭ መስመር ወጣበት።

ኮቼ ጥገና፦
እህቴ፣ ሁለቱንም ቶሎ ወደነበሩበት መልሺ። ያ ነጭ መስመር ሻርፕነሱ የፈጠረው ነው፤ ፊልሙ ላይ የለም።

ስለ ገመዱ፦ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ገመዱ ሲበላሽ ምስሉ ይጠፋል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም አልፎ አልፎ ነጭ ብልጭታ ይረጫል። በሰውዬው ፊት ላይ እኩል የተነሰነሰ ደቃቅ አሸዋ አይሠራም። ወርቅ ስለተቀባም ምስል አያጠራም። ገንዘብሽን ቢመልሱልሽ ጥሩ ነበር፤ አይመልሱም እንጂ።

ማጫወቻው ከአሜሪካ ስለመጣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዪ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው። 120 ብቻ ቢሆን ኖሮ በእኛ 220 ስትሰኪው አሸዋውን ሳይሆን ጭሱን ነበር የምታዪው። ሌሎቻችሁ ግን ዕቃ ሲላክላችሁ ይህን ሳታዩ እንዳትሰኩ። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ስንቱ እጄ ላይ ገብቷል።

አሁን ቴሌቪዥኑን እንመርምር። በስልክሽ ቀን ላይ፣ ውጭ፣ አንድ ነገር ቅረጪ። ፍላሽ ላይ አድርጊና ክፈቺው። እዚያም ላይ አሸዋ ካለ ቴሌቪዥኑን ይዘሽ ነዪ። ከሌለ ጤነኛ ነው።

የመንቲና ልጅ፦
ግቢያችን ያለውን የቡና ዛፍ ቀርጬ አየሁት። ቅጠሉ ላይ ያለው የዝናብ ጠብታ እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አሸዋ የሚባል የለም። ስለዚህ ዲስኩ ነው ማለት ነው?

ሠርግ ኤዲተር፦
ዲስኩም ጤነኛ ነው። እህትሽን በነገር አትንኪያት። ያየሽው አሸዋ ፊልሙ ራሱ ነው። በእኛ ሙያ ግሬይን እንለዋለን።

የድሮ ፊልም ማለት ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው። ጄላቲኑ ውስጥ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ደቃቅ የብር ውሁድ ቅንጣቶች አሉ። ፊልሙ ሲታጠብ፣ በጥቁርና ነጭ ከሆነ ብሩ እዚያው ይቀራል። በቀለም ከሆነ ብሩ ታጥቦ ይወጣና በቦታው ደቃቅ የቀለም ነጠብጣብ ይቀራል። በሰከንድ 24 ፎቶ ያልፋል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቅንጣቶቹ የተቀመጡበት ቦታ ይለያያል። የሚርመሰመሰው ለዚህ ነው። ከምስሉ ላይ የተነሰነሰ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ፤ ፂሙም ኮፍያውም ሰማዩም የተሠሩት ከዚያው ከቅንጣቱ ነው። የቀሚስ ጥለት ላይ ክሩ አስጠላኝ ብለሽ ብትመዥው ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። ፈጣኑ ያስመዘዘሽ ክሩን ነው።

የጣሊያን ካውቦይ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ የተነሡት ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው። በተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ፎቶ በቁመቱ፣ በፊልሙ ጠርዝ ከተደረደሩት ማሽኑ ከሚስብባቸው ቀዳዳዎች፣ የ4 ቀዳዳ ያህል ይይዛል። በቴክኒስኮፕ ግን 2 ብቻ ነው። የፊልም ወጪ በግማሽ ይቀንሳል፤ አዘጋጆቹ የወደዱትም ለዚህ ነው። ግን ትንሿ ፎቶ ያንኑ ስክሪን ለመሙላት የበለጠ መለጠጥ አለባት። ቅንጣቱም አብሮ ይተልቃል።

የእኛውን ኃይሌ ገሪማን እንኳ ብንወስድ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ነው ያነሣው። 16 ሚሊሜትር ከ35ቱም በጣም ያነሰ ነው። ያን ፊልም ያለ ግሬይን ማሰብ አልችልም።

የመንቲና ልጅ፦
እሺ፣ ገባኝ። ግን የፍላሹ ኮፒ ለምን ንጹሕ ሆነ? ያው አንድ ፊልም አይደል?

ሠርግ ኤዲተር፦
ንጹሕ አይደለም፤ ተሞልጮ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 1.4 ጊጋ ለሁለት ሰዓት ሲከፋፈል በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ድምፁንም ጨምሮ። ብሉሬይ ግን ለምስሉ ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቅዳል። ባለ ሁለት ንብርብሩ ዲስክ 50 ጊጋ ይይዛል። ያንቺ ፊልም 25 ጊጋ ብቻ ወስዶ ቢሆን እንኳ በሰከንድ 28 ሜጋቢት ገደማ ነው።

ቪዲዮ የሚጨመቀው ካለፈው ፎቶ ያልተለወጠውን ባለመድገም ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ አንዴ ይጻፋል፣ ቀጥሎ «እንደነበረ» ይባላል። ግሬይን ግን በየፎቶው አዲስ ነው። «እንደነበረ» ማለት አይቻልም። በ1.5 ሜጋቢት ያን ሁሉ መጻፍ ስለማይቻል ሶፍትዌሩ ጠርጎ ይጥለዋል። ሲጥል ደግሞ ግሬይኑን ከጨርቅ ሽመና፣ ከፊት ሽብሽብ አይለይም። ፋይሉ ላይ የተጻፈው 1080 የፒክስሉን ቁጥር ነው። የቤቱን ስፋት እንጂ ውስጡ ምን ዕቃ እንዳለ አይነግርሽም።

አታምኚኝ፤ ራስሽ እዪው። ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ ፖዝ አድርጊና ልብሱን አወዳድሪ። የማታ ትዕይንት ካለም ሰማዩን እዪ።

የመንቲና ልጅ፦
አሁን አየሁት። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ክብሪት የሚጭርበት ቦታ ላይ አቆምኩት። በዲስኩ ላይ የካፖርቱ ሽመና ይታያል። ክሩ ወፍራም ነው፣ እንደ ጋቢ ጠርዝ። ትከሻው ላይ አቧራ አለ። አንደኛው ቁልፉ ሊበጠስ ደርሶ በክር ተንጠልጥሏል። በፍላሹ ላይ ካፖርቱ ቡናማ ቀለም ብቻ ነው። ቁልፉም ያው ቡናማ ነጥብ ነው። አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ተጠጋና «ይሄ ቁልፍ ያኔም ነበረ?» አለኝ።

የማታው ሰማይ ደግሞ በፍላሹ ላይ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ፣ ጥቁሩ ቦታ ካሬ ካሬ ሆኗል። እስከዛሬ እንዴት አላየሁትም?

የድሮው ኦፕሬተር፦
ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ሲኒማ ቤት ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። አባትሽ ያኔ ያየውም አሸዋ ነበረው፤ ምናልባትም ከዚህ የባሰ። ለእኛ የሚደርሰን ኮፒ ከካሜራው ኔጋቲቭ በቀጥታ የታተመ አልነበረም። በመሃል ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ ስንት ከተማ ዞሮ ነው እጃችን የሚገባው። ዝናብ ካልን እውነተኛው ዝናብ እሱ ነበር፦ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጭረት። ተበጥሶ ስንቀጥለው ጊዜ ሕዝቡ ሲያፏጭ ጆሮ ይበጣል።

ጭረትና አሸዋ አንድ አይደለም። ጭረቱ ከብዙ ማጫወት የሚመጣ ቁስል ነው። አሸዋው ግን ሲወለድ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። ደህና ባለሙያ ዲስክ ሲያዘጋጅ ጭረቱንና አቧራውን ያነሣል፣ አሸዋውን አይነካም። ያንቺ ዲስክ ጭረት አለው?

የመንቲና ልጅ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። አንድም ጭረት አላየሁም።

የድሮው ኦፕሬተር፦
እንግዲያው በደህና ሰው እጅ ነው ያለፈው።

ፈጣኑ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን አሸዋው መጥፎ ካልሆነ ኖይዝ ሪዳክሽን ለምን ተሠራ? ኩባንያዎቹም እኮ አንዳንዴ ያጠሩታል።

ሠርግ ኤዲተር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ደካማ ሲግናል ላይ፣ ክፉኛ የተጨመቀ ቻናል ላይ ይጠቅማል። ለዚያ ተብሎ ነው። ኩባንያዎቹም አጥርተው ያውቃሉ፤ ስድቡንም ቀምሰዋል። «ፓተን» የሚባለው በፈረንጆቹ 1970 የወጣ የጦር ፊልም በ65 ሚሊሜትር የተነሣ ነው። ከዚያ በላይ ዝርዝር የሚይዝ ፊልም ጥቂት ነው። በፈረንጆቹ 2008 ብሉሬይ ሆኖ ሲወጣ ግሬይኑን ጠርገውት የጄኔራሉ ፊት ሰም መሰለ። ተመልካቹ ጮኸ። በ2012 እንደገና ሠርተው አወጡት።

በሌላ በኩል አሸዋ ሁሉ ቅዱስ ነው አልልም። አሮጌ ቅጂ በሻርፕነስ ተገፍቶ ሲመጣ ቅንጣቱ ጠጠር ያህላል። እንዲያ ያለ ዲስክም አለ።

ኮቼ ጥገና፦
ወሬው በዛ፤ ልጅቷ ሪሞት ይዛ እየጠበቀች ነው። እንዲህ አድርጊ።

ፒክቸር ሞድ ላይ ግቢ። ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ ላይ ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ዓይን ለመሳብ የተሠራ ነው፤ አሸዋውን በእጥፍ ያጎላዋል። ሲኒማ፣ ሙቪ ወይም ፊልምሜከር ወደሚለው ቀይሪ። መጀመሪያ ቢጫ ይመስልሻል፤ ሁለት ቀን ታገሺ፣ ዓይንሽ ይለምደዋል። ሻርፕነስ ሳምሰንግ ላይ 0 ነው። ሶኒ ላይ ግን 50 ነው መሃሉ፤ እዚያ 0 ብታደርጊው ይደበዝዛል። ኖይዝ ሪዳክሽን የሚል ስም ያለውን ሁሉ አጥፊ፤ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም አጥፊ። ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። እሱ ነው ፊልሙን የዜና ስቱዲዮ የሚያስመስለው። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ዲስኩ እየሄደ ይሁን፤ ሴቲንጉ ለየመሰኪያው ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላው፣ ስንት ሜትር ላይ ነው የምትቀመጡት?

የመንቲና ልጅ፦
ሳሎናችን ጠባብ ነው። የአባዬ ወንበር ከቴሌቪዥኑ አንድ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው።

ኮቼ ጥገና፦
ሁለት ሜትር ገደማ አድርጊለት። ግማሹ አሸዋ እዚያው ያልቅልሻል። አባትሽ አሁንም ካስጠላቸው ኖይዝ ሪዳክሽኑን ሎው ላይ ብታደርጊው ኃጢአት የለውም። ቴሌቪዥኑ የሳቸው ነው።

ሠርግ ኤዲተር፦
እኔ ብሆን ሎውንም አልነካም። ቁልፏን አስቢያት።

ቦሳ ቂጦ፦
ጥያቄ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። የድሮ የቤተሰብ ቪዲዮ በደንብ ጥራት አስገልብጬ 6 ጊጋ ሆነ። ፍላሼ 64 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ግን «አይበቃም» ይለኛል። ደግሞስ እኔም ከውጭ ብሉሬይ ባስመጣ የመንቲናዋ ልጅ ማጫወቻ ላይ ይሠራል?

ኮቼ ጥገና፦
ፍላሽህ ፎርማት የተደረገበት የፋይል አያያዝ ፋት 32 የሚባለው ሆኖ ነው። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ስለሆነ ኤክስፋት ወደሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገው። አሮጌ ቴሌቪዥን ካለህ ኤክስፋት ላያነብ ይችላል፤ ያኔ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሞክር።

ብሉሬይ ክልል አለው። አሜሪካ ኤ ነው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና እኛ አፍሪካ ቢ ነን። ከዱባይ ያመጣኸው ዲስክ ክልል ከተቆለፈበት በእሷ ማጫወቻ ላይከፍት ይችላል። የፎር ኬ ዲስኮች ክልል የላቸውም፤ ግን ለእነሱ የፎር ኬ ማጫወቻ ያስፈልጋል።

የመንቲና ልጅ፦
ያላችሁትን ሁሉ አደረግኩ። ሶፋውን ወደ ኋላ ስገፋ ቡፌው ጋ ተጋጨ፤ እማዬ አኮረፈች። አባዬ ግን ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ከመጀመሪያው ጀመረው። ስለ ዝናብ አንድም ቃል አልወጣውም። ቁልፏ ያለችበት ቦታ ሲደርስ ጎረቤታችንን «እያት፣ እያት» ይላል።

ከዚያ ልክ የመጨረሻው ተኩስ ሊጀመር ሲል መብራት ሄደ። ሲመጣ ማጫወቻው ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረብን። ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል?

ኮቼ ጥገና፦
እሱ እንደ ዲስኩ ነው። አንዳንዱ ያስታውሳል፣ ብዙው አያስታውስም። ሪሞቱ ላይ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ የሚያሻግረውን ቁልፍ እየተጫንሽ ሂጂ፤ በአንድ ደቂቃ ትደርሻለሽ። ደግሞ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ። ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ማጫወቻውን የሚገድለው።