ጥቆማ፦ የጎቶቡን ሲዝን 2 ሙሉው የት ይገኛል?

ፈንዲሻ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጎቶቡን ኖ ሃናዮሜ ሲዝን 1ን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። በእንግሊዝኛው ኩዊንተሴንሻል ኩዊንታፕሌትስ የሚባለው የጃፓን አኒሜ (ተከታታይ የካርቱን ፊልም) ነው። አምስቱ መንታ እህትማማቾችና ያ ደሃ አስጠኚያቸው ፉታሮ ልቤ ውስጥ ገብተዋል። አሁን ሲዝን 2ን፣ 12ቱንም ክፍል እፈልጋለሁ። ጥራቱ 720 ከሆነ ይበቃኛል። ቤት ዋይፋይ የለም፣ በዳታ ነው የምንኖረው። የውጭ ካርድም የለኝም። ሦስት መንገድ አስቤያለሁ፦ ፍላሽ ይዤ ፊልም መጫኛ ቤት መሄድ፣ ከቴሌግራም ማውረድ፣ ወይም አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ የክራንቺሮል (በክፍያ አኒሜ የሚያሳየው አፕ) አካውንቷን መለመን። የሞከራችሁ የትኛው ይሻላል ትላላችሁ? አደራ፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እንዳትነግሩኝ!

የሰሚቱ፦
ወንድሜ አትድከም። መገናኛ፣ ታክሲ መያዣው ጀርባ ያለው ልጅ ጋ ሂድ። አኒሜ በጃፓን ስሙ ስትጠራለት ወዲያው የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ደንበኛው ነኝ፣ አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። ፍላሽህን ሰጥተኸው ማኪያቶ ጠጥተህ ስትመለስ አልቆ ታገኘዋለህ።

ፈንዲሻ፦
እህትህ ነኝ። አመሰግናለሁ፣ ለእኔም ሩቅ አይደለም።

ሃያ ሁለት፦
መጫኛ ቤት ከመሄድሽ በፊት የእኔን ስሚ። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ገብቼ ይሄንኑ ሲዝን 2 አስጫንኩ። ስሙን አልጠራም። ፎልደሩ ላይ «ጎቶቡን 2» ይላል። ማታ መብራት ጠፍቶ 3 ሰዓት ላይ መጣ። እየሮጥኩ ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰካሁና ከላይ ያለውን ፋይል ከፈትኩ። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይላል። ክፍሎቹን አንድ ላይ ቀጥለዋቸው ይሆናል አልኩ። የትምህርት ቤት ፌስቲቫል ላይ ናቸው። ልጆቹ እኔ የማላውቀውን ነገር ያወራሉ። የሆነ ነገር እንዳመለጠኝ ገብቶኛል፣ ግን ማቆም አቃተኝ። ለካ የከፈትኩት የ2022ቱን ፊልም ነው። የታሪኩን መጨረሻ!

ይሄ ታሪክ እኮ ገና ከመጀመሪያው ክፍል ሠርግ አሳይቶ «ከአምስቱ የትኛዋ ናት?» እያለ የሚያስገምት ነው። ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ኪሎ ቡና ተወራርደን ነበር። እሱ ሚኩ አለ፣ እኔ ኢትሱኪ። ያን ሌሊት መልሱን አየሁትና ፍላሹን ነቅዬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ሲዝን 2ን አገኘሁት፣ አየሁት። ግን አንዷ ፈገግ ባለች ቁጥር ልቤ መምታት ሲገባው መልሱ ቀድሞ ይመጣብኛል። በማግስቱ ባለሱቁ ጋ ሄጄ ስነግረው «ያው አንድ ነው እኮ» አለኝ። አንድ አይደለም።

የሰሚቱ፦
የእኔ ልጅ እንደዚህ አያደርግም።

ሃያ ሁለት፦
የአንተ ልጅ ነው አላልኩም።

የሰሚቱ፦
ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አንዴ ፋይል አልከፍት ሲለኝ ማታ ደውዬለት በስልክ እያወራ አስተካክሎልኛል። እንደዚህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

ሽሮ ሜዳ፦
ሃያ ሁለት፣ አይዞህ ወንድሜ። የእኔ ፍላሽ ደግሞ ከአንድ ቤት ተጭኖ ሲመጣ ፎልደሮቹ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው ቀሩ። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያው ላይ ነበር። እሷ አለቀሰች፣ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ለመጫን ባዶ ፍላሽ ብቻ ውሰዱ፣ በእናታችሁ።

ሳሪስ፦
ፍላሽ ከተነሳ አይቀር፣ 64 ጊጋ እየተባለ መንገድ ላይ ከሚሸጠው የውሸት የሆነ አለ። ኮምፒውተሩ 64 ነው ይላል፣ እውነተኛው ግን 8 ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ስትጭኑበት ፋይሉ ይበላሻል። ኦሪጅናሉን ከየት ነው የምትገዙት? ለእኔም ጠቁሙኝ።

ዝምተኛው፦
ጥያቄው ሲዝን 2 የት ይገኛል ነበር። እስካሁን የተገኘው የአንድ ባለሱቅ ምስክርነትና የሦስት ፍላሽ ለቅሶ ነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አራተኛ ዓመት፦
እሺ፣ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፈንዲሻ፣ ከየትም ብታገኚው ከሱቁ ሳትወጪ ወይም ዳታሽን ሳትጨርሺ እንዲህ አረጋግጪ።

ሲዝን 2 ጃንዋሪ 2021 የጀመረው ነው። የጃፓንኛው ርዕስ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀጫጭን ረጃጅም መንጠቆ ጎን ለጎን የቆሙ የሚመስል ምልክት አለው። በሒሳብ ክፍል ድርብ ኢንተግራል ብለን የተማርነው ነው። ሽፋኑ ላይ እሱን ካየሽ ትክክለኛው ነው። ፋይሎቹ 12 መሆን አለባቸው፣ እያንዳንዳቸው 24 ደቂቃ አካባቢ። ከ2 ሰዓት በላይ የሆነ ፋይል ካለ እሱ ፊልሙ ነው፣ እንዳትነኪው! የሃያ ሁለት ዕጣ እንዳይደርስብሽ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገቢው።

ሌላው፣ ብዙ ቲቪ ኤምኬቪ የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ውስጥ ያለውን ሰብታይትል አያሳይም። ድምፁ ይመጣል፣ ጽሑፉ የለም። ስልክሽ ላይ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ጫኚና በእሱ ክፈቺው። ፍላሽሽ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ለሲዝኑ ችግር የለውም፣ ፊልሙን በትልቅ ጥራት ስትፈልጊ ግን ያስቸግርሻል።

ፈንዲሻ፦
ኧረ ተባረክ! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

ከሪያድ፦
እኔ ክራንቺሮል ነው የምጠቀመው። እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የአክስትሽ ልጅ አውርዳ በቴሌግራም ልትልክልሽ አትችልም። የሚወርደው አፑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ፍላሽ ላይ አይወጣም። አካውንቷን አንቺ ስልክ ላይ መክፈት አለብሽ። የምትከፍለው ዓይነት ማውረድ የሚፈቅድ መሆኑንም ጠይቂያት። የሚያሳየው ዝርዝርም እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ ከመለመንሽ በፊት አፑን ጫኚና ስሙን ፈልጊ፣ እዚያ መኖሩን እዪ። ካለ ግን እመኚኝ፣ ደስ ይላል። ከሥራ 12 ሰዓት ቆሜ ስገባ ሰብታይትሉ ሳይዛነፍ፣ አንድ ክፍል ሳይጎድል ተኝቼ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለሠሩትም ሰዎች ጥቂት ይደርሳቸዋል።

የሚኩ ወገን፦
ቴሌግራም ይበቃል ባይ ነኝ፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲዝን 2ን የሠራው ከሲዝን 1 የተለየ ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያውን በ2019 ቴዙካ ፕሮዳክሽንስ ሠራው፣ ሁለተኛውን ቢበሪ። ፊቶቹን ስታዪ ወዲያው ይገባሻል። ሲዝን 1 መጨረሻ አካባቢ የልጆቹ ዓይን የተንሻፈፈበት ቦታ አለ። ሲዝን 2 ላይ ቀለሙም ፀጉሩም ያምራል። ድምፆቹ ግን ያው ናቸው፣ አልተቀየሩም። ኮሮና ባይመጣ ኦክቶበር 2020 ነበር የሚወጣው።

ሽሮ ሜዳ፦
ያምራል፣ ግን ቸኩሏል። ማንጋው (አኒሜው የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ) 14 ቅጽ፣ 122 ምዕራፍ ነው። ሲዝን 2 መሀል መሀሉን ዘሎታል። የዘለለውን ከፊሉን በ2023 ሻፍት የሚባለው ስቱዲዮ በሁለት ልዩ ክፍል ሠርቶታል። እኔ ብሆን ሲዝን 2፣ ከዚያ ሁለቱን ልዩ ክፍሎች፣ ፊልሙን በመጨረሻ ነው የማየው። ከሁሉም ግን ማንጋው ይበልጣል።

የሚኩ ወገን፦
ማንጋውን እኔም አንብቤዋለሁ። ቢሆንም ሚኩ ስትናገር ድምፅዋ የሚያንሰውን ነገር ወረቀት ላይ አታገኘውም። ይልቅ ኪዮቶ ላይ ኢቺካን ይቅር ያላት ሰው አለ? እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

የሰሚቱ፦
እኔ ይቅር ብያታለሁ። ታላቅ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይገባዋል። ለራሷ ምንም ሳትጠይቅ አራት ታናናሾች ስታሳድግ የኖረች ልጅ አንድ ቀን ብትሳሳት...

ፈንዲሻ፦
ኪዮቶ? ምን አደረገች? ቆይ፣ አትንገሩኝ! ገና አልጀመርኩም እኮ!

የሚኩ ወገን፦
ይቅርታ እህቴ፣ በጣም ይቅርታ። ስለ ኪዮቶ ምንም አልተባለም ብለሽ እለፊው።

ሃያ ሁለት፦
ሰዎች፣ እባካችሁ። እኔ የደረሰብኝን እዚህ የጻፍኩት ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው። ሁላችንም የመጀመሪያውን ማየት አንዴ ነው የሚሰጠን።

ሳሪስ፦
ይሄንን የወደደ ሬንት ኤ ገርልፍሬንድ የሚባለውን አኒሜም ይወዳል። የእሱ ሲዝን 2 በ2022 ነው የወጣው፣ እሱም 12 ክፍል። ኦሪጅናል ፍላሽ የጠየቅኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ዝምተኛው፦
ሳሪስ፣ ፍላሹን ስትገዛ ባዶው ላይ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ጭነህ ሁሉንም መልሰህ ክፈታቸው። ሁሉንም ከከፈተ ውሰደው። ኤችቱቴስትደብሊው የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ እውነተኛውን መጠን ለክታ ትነግርሃለች። ሻጩ ሳያስሞክርህ አትክፈል። ቅድም ቀልድ አበዛሁ፣ ሃያ ሁለትም ሽሮ ሜዳም አትቀየሙኝ።

ፈንዲሻ፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። ቤታችን ቲቪው ሳሎን ነው ያለው። እናቴ ቡና እያፈላች፣ የ13 ዓመት እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ የሚታይ ነው?

ከሪያድ፦
እናትሽ ጋ ባይሆን ይሻላል። ነውር የሚባል ነገር ባይኖረውም፣ አያታቸው ያለበት ፍል ውሃ ሲሄዱ በፎጣ የሚታዩበት ቦታ አለ። እማዬ በዚያች ደቂቃ ነው ቀና የምትለው። ለታናሽ እህትሽ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ አይተሽ ወስኚ። በተረፈ እንኳን እህትማማቾች ሆናችሁ! ሲዝን 2 ላይ እህትማማቾቹ ተጣልተው ከቤት የሚወጡባቸው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አሉ። እኔ ሪያድ ሆኜ ሳያቸው ለእህቴ ደወልኩ። ለስምንት ወር አልተነጋገርንም ነበር።

ሽሮ ሜዳ፦
እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን እንዴት ናችሁ?

ከሪያድ፦
ሰላም ነን። አርብ አርብ እናወራለን። ጎቶቡንን እሷም ጀምራለች፣ የዮትሱባ ደጋፊ ናት።

የሰሚቱ፦
ፈንዲሻ፣ ልጁን ጠየቅኩልሽ። 12ቱም አለው፣ ፊልሙንም ለብቻው ነው ያስቀመጠው። ዛሬ እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው። የሰሚቱ ነው የላከኝ በዪው።

አራተኛ ዓመት፦
ሄደሽ ከሆነ ፋይሎቹን መቁጠር እንዳትረሺ።

ሃያ ሁለት፦
ፈንዲሻ፣ ከሦስቱ የትኛውን ያዝሽ? መልስ ባትሰጪም ችግር የለም። የመጀመሪያውን ክፍል ስትጨርሺ ግን ሙሽራዋ ማን እንደምትመስልሽ ጻፊልኝ። እኔ መገመት አልችልም፣ የሰው ግምት ማንበብ ግን አሁንም ደስ ይለኛል።

ሳሪስ፦
እኔ ኒኖ ብያለሁ። ገና ሲዝን 1 ክፍል 4 ላይ ነኝ።