የትምህርት ቤታችንን መጋዘን ሙዚየም አደረግነው፤ ልጆቹ ግን ገብተው ወዲያው ይወጣሉ

ሱሉልታ_ባዮሎጂ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሱሉልታ መውጫ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ርዕሰ መምህሩ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ክፍል ቁልፍ ሰጡኝና «ሙዚየም ሙዚየም ስትይ አልነበር? ይኸው» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ስቀባና ወላጅ ስለምን ከረምኩ። አሁን ተማሪዎች ገደል ሥር ያገኙት የጅብ ራስ ቅል፣ የውሻ ራስ ቅል፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ወፍጮ ከነመጁ፣ የሰፈር ሰው የሰጠን ባህላዊ ቀፎ፣ ጥቂት የወፍ ጎጆና በአልኮል የተቀመጠ እባብ አለን። ግቢ ውስጥ ደግሞ የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ያመጣቸው ሁለት ኤሊዎች በሽቦ ታጥረው ይኖራሉ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሳይንሳዊ ስሙ፣ መደቡ፣ የሚበላው፣ የሚኖርበት፣ ምንም አልቀረኝም። ላሚኔት አስደረግኩት፣ በገዛ ደሞዜ። የመክፈቻው ቀን በር ላይ ቆሜ ሰዓት ያዝኩ። አንድ ክፍል ተማሪ ሁሉንም «አይቶ» ለመውጣት ስድስት ደቂቃ አልሞላውም። እባቡ ጋ «ውይ!» ይላሉ፣ ኤሊዎቹ ላይ ጠጠር ይወረውራሉ፣ በቃ። ዘበኛችን ሲያዩ ቆይተው «መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ለማን ነው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገንዘብ የለንም። በጣት የሚነካ ስክሪን ምናምን አትንገሩኝ። ያለኝን ይዤ ምን ላድርግ?

ኮደር_ከጀሞ፦

ቀላል ነው፣ ኪውአር ኮድ ለጥፊበት። ስልካቸውን ሲደግኑበት ቪዲዮ ይመጣል።

ሱሉልታ_ባዮሎጂ፦

ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ የከለከልነው እኛው ነን። መብራቱም በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ ብነግርህ ታዝንልኛለህ።

ጡረተኛው_አስጎብኚ፦

ልጄ፣ ዘበኛችሁ እውነቱን ነው የነገሩሽ። እኔ ዕድሜዬን ሰው ሳስጎበኝ ነው የኖርኩት፣ ቆሞ አንድ ገጽ የሚያነብ ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሚስቱ ጨርሳ እስክትመጣ የሚጠብቅ ነው። ሙዚየም ውስጥ ቀድሞ የሚደክመው እግርና ወገብ ነው። ቦስተን ሙዚየም ይሠራ የነበረ ቤንጃሚን ጊልማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ «ሙዚየም ድካም» ሲጽፍ፣ አንድን ሰው ዕቃ ለማየት ሲያጎነብስና ሲንጠራራ ፎቶ አስነስቶ ነው ያሳየው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ አሁንም እያስጎነበስን ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ጋ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አስተውለሻል? 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር አይደለም የሚያቆማቸው። እሱማ ለአዋቂም አይጨበጥም። አጥንቷ ተጋድሞ ተደርድሯል፣ እዛው ደግሞ ቆማ የተሠራች አለች። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነው። ልጅ የተባለ ሁሉ ማንም ሳያዘው ሄዶ ይለካካታል። «እበልጣታለሁ!» ይላል። ከዛ በኋላ የተገኘችበትን፣ አፋር ያለውን ሃዳርን ብነግረው፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. እንዴት እንደተገኘች ብነግረው ጆሮው ክፍት ነው። የሚያዩት ቅጂ መሆኑንና ዋናው አጥንት ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ስነግራቸው ደግሞ ይናደዳሉ። ሲናደዱ ደስ ይለኛል። «ለምን ይቆለፋል?» ብለው ይጠይቃሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ጅቡን ከውሻው ጎን አስቀምጪው። ስም አትጻፊ። «ከሁለቱ የበሬ ቅልጥም የሚሰብረው የትኛው ነው? ጥርሱን አይተህ ገምት» ብቻ በይ። መልሱ በክዳን ሥር ይሁን። ክዳኑን ሲያነሱ፣ ከክራንቻው ኋላ ያሉት የጅብ ጥርሶች ለምን እንደ መዶሻ እንደወፈሩ አንድ ሁለት መስመር። ኩሱ ሲደርቅ ለምን ነጭ እንደሚሆንም ጨምሪበት፤ የፈጨው አጥንት ካልሲየም ነው። ሱሉልታ አድጎ ያን ነጭ ነገር ያላየ ልጅ የለም፣ ምን እንደሆነ የነገረው ግን የለም። መንጋውን የምትመራው ሴቷ መሆኗን ስትነግሪያቸው ደግሞ ሴቶቹን ተማሪዎች ፊታቸውን እያቸው።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃውን በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው የደረደረው። ከልጅነት ተነስተሽ፣ በጉልምስና አልፈሽ ሞት ላይ ትደርሻለሽ። ስትሄጂ ታሪክ ውስጥ ነው የምትሄጂው። ያንቺ ክፍል አንድ ቀን ይሁን፣ ከዶሮ ጩኸት እስከ ጅብ ጩኸት። ጎህ ሲቀድ ወፍጮ፣ ረፋድ ላይ ሞፈርና ቀንበር፣ ቀትር ላይ ቀፎ፣ ማታ ጅብ። ጥጉን አጨልሚው፣ መጋረጃ ይበቃል።

ቀለምና_ኮምፔንሳቶ፦

ጋሼ ሁሉን ተናገሩት፣ እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር። ገላን ውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የምሠራው፣ ለኤግዚቢሽንም እንጠራለን።

መጀመሪያ ላሚኔቱን አውጪው። ያብረቀርቃል፣ መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ አንባቢው የሚያየው የራሱን ፊት ነው። የማያብረቀርቅ ወረቀት ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፊ። ጽሑፉ በአንድ ዕቃ ከ50 ቃል አይብለጥ። ፊደሉ ሁለት ሜትር ርቀሽ ጥያቄው እንዲነበብ ይሁን። ከፍታውን በአንቺ ቁመት አትለኪው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥሪና አቁሚው፣ ዓይኑ ያለበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዛ ሰሌዳውን ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ አድርጊና እንደ መጽሐፍ ማስቀመጫ አዘንብይው፤ አዋቂም ሳይጎነብስ ያነበዋል።

ልጆቻችሁ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ብዙ ናቸው መቼም። ሁለቱንም ቋንቋ ጻፊ፣ እኩል መጠን፣ አንዱ በትልቁ ሌላው ከሥር በጉንዳን ፊደል አይሁን። 50 ቃል ያልኩሽም ለዚህ ነው፣ ሁለት ሲሆን ቦታ ይጠፋል።

ክዳኑን በካርቶን አትሥሪው፣ በሁለት ቀን ይገነጠላል። ቺፑድ በማጠፊያ፣ ወይም ከጫማ ሠሪ የተረፈ ወፍራም ቆዳ።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ማተሚያ ቤት አትሩጪ! በማርከር ተራ ወረቀት ላይ ጻፊና በፕላስተር ለጥፊው። አንድ ሳምንት ቆመሽ እይ። ያልገባቸውን ቀይሪ። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት አርባ ሰሌዳ አሳትሜ ስሰቅል ነው ቀስቱ ሁሉ ወደ መጸዳጃ ቤት እንደሚያመለክት ያየሁት። ጎብኚው ታዘዘ፣ ሄደ።

ሆለታ_ንብ፦

እኔ ኤሊዎቹ አሳዘኑኝ። መምህርት፣ ቅር እንዳይልሽ፤ የዱር እንስሳ ይዞ ማቆየት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኤሊም የዱር እንስሳ ነው። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ሳትጠይቂ አታቆያቸው። ኤሊ ደግሞ ሙቀት የሚወድ ፍጥረት ነው፤ የሱሉልታ ቁር፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ፣ ለኛም አልሆነም።

ሕግ ስለሆነ ብቻም አይደለም። ሁለት በሦስት ሜትር ሽቦ ውስጥ የተቀመጠ እንስሳ ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ዝም ካለ ጠጠር ወርውርበት። ካርል ሃገንቤክ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ አጠገብ የከፈተው የእንስሳት ፓርክ ስሙ እስካሁን የሚነሳው፣ ፍርግርጉን አንስቶ በቦይ ስለለየው ነው። ሰውየው እንስሳ ነጋዴ ነበር፣ ጻድቅ አላደርገውም፣ ግን ያቺን ነገር ገብቶታል። አንበሳ ከብረት ኋላ ሲታይና ድንጋይ ላይ ተኝቶ ሲታይ አንድ አይደለም። እዚህ ሆለታ አካባቢ ያለው እንስሳ ኮቴ ደግሞ ከሕገወጥ ይዞታ የተረፉ እንስሳት የሚያርፉበት ነው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ እንስሳው ላይታይሽም ይችላል። ታዲያ ባይታይስ? ልጆች ተደብቀው ሲጠብቁ ራሱ ይማራሉ።

እሱን አንቺም ግቢሽ ውስጥ ማድረግ ትችያለሽ። የሽቦውን አጥር በሰሌን ሸፍኚና በተለያየ ቁመት ቀዳዳ አውጪ። ውጭ የውኃ ገበቴ አስቀምጪ። ወፉ በራሱ ይመጣል። ተደብቆ የሚያይ ልጅ ሳትነግሪው ድምፁን ይቀንሳል። ቀዳዳው አጠገብ «ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ አየህ?» በይ። ያ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም፣ እኛ ቆሻሻ ላይ ስለምናየው ንቀነው ነው እንጂ። ሜዳው ላይ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም አለላችሁ፤ ፈረንጅ እሱን ፍለጋ አይደል ባይኖኩላር አንግቶ ሱሉልታ ድረስ የሚመጣው?

ሱሉልታ_ባዮሎጂ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም።

ወረቀቱን በሙሉ አወረድኩት፣ ሲወርድ አሞኛል። ኤሊዎቹን መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ነገርኳቸው፣ መጥተው ወሰዷቸው። ሁለት ልጆች አለቀሱ። ሽቦው በሰሌን ተሸፍኗል፣ ቁራው በሁለተኛው ቀን መጣ፣ የአንዱን ልጅ ዳቦ ነጥቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቁራ የማይጠይቀኝ የለም።

ጅቡ ጋ የመጀመሪያው ጽሑፌ አልሠራም። «የትኛው ነው ቅልጥም የሚሰብረው?» ስል ሁሉም ሳያዩ «ጅብ!» ብለው ያልፋሉ። ጅብ መሆኑን አውቀውታላ። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ከሁለቱ አንዱ ሌሊት ደጃችሁ መጥቶ ነበር፣ ሌላው ጮኸበት። ማን ማን ነው? በምን አወቅህ?» አሁን ጣታቸውን ጥርሱ ውስጥ እየከተቱ ይከራከራሉ። አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። መጋረጃው ውስጥ ዘበኛችን ሆነው በራሳቸው ፈቃድ ይጮሁላቸዋል። ጅብ ናቸው ቁርጥ። አሁን እሳቸው ያልገቡበት ቀን ልጆቹ ቅር ይላቸዋል።

ወፍጮው ጋ ገብስ አስቀመጥኩ። ይፈጫሉ። ወለሉ ዱቄት በዱቄት ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አኩርፈውኛል፣ እውነታቸውን ነው። ግን አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ገብተው አዩና «እንዲህ አይያዝም» ብለው ተንበረከኩ። መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ክንዳቸውን ሳይሆን ወገባቸውን እየገፉ ፈጩ። ልጁ አፉን ከፍቶ ነው ያያቸው። እኔም አላውቅም ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እባቡ ጋ አሁንም «ውይ» ብለው ነው የሚያልፉት። ቀፎውም ባዶ ስለሆነ ቀትር ላይ ሲደርሱ ስሜታቸው ይቀዘቅዛል። ንብ በመስታወት ውስጥ ማሳየት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሆለታ፣ እውነት ነው?

ሆለታ_ንብ፦

ይቻላል፣ ግን ባንቺ ባህላዊ ቀፎ አይሆንም፤ የማር እንጀራው ከቀፎው ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ከዘመናዊ ቀፎ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ንቦቹ የማር እንጀራ የሚሠሩበትን ተነቃይ የእንጨት ማዕቀፍ፣ ትወስጂና በሁለት መስታወት መሀል ታቆሚዋለሽ። በግድግዳው ቱቦ አሳልፈሽ ውጭ ታወጫቸዋለሽ፣ መውጫው ከሰው ጭንቅላት በላይ ይሁን። ንብ ጨለማ ነው የሚወደው፣ ስለዚህ መስታወቱ ላይ ክዳን ይኑረው። ልጁ ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲሄድ ይዘጋል። የኛ ንብ ቁጡ ናት፣ በተለይ መስታወቱን ሲደበድቡባት። ብቻሽን አትጀምሪው። እዚህ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፣ መጥተሽ አማክሪያቸው። በንብ መርዝ የሚታመም ተማሪ ካለ አስቀድመሽ ወላጅ ጠይቂ። አደይ አበባ እያለ ብትጀምሪ ጥሩ ነው፣ ንቦቹ ቀስመው ሲገቡ ልጆቹ እግራቸው ላይ ቢጫውን የአበባ ብናኝ ያዩታል።

ቀለምና_ኮምፔንሳቶ፦

መስታወቱን አራት ሚሊ አታድርጊው፣ ስድስት አስቆርጪ። ጠርዙንም አስሞርጂው።

ጡረተኛው_አስጎብኚ፦

እባቡን ለኔ ተይው። ማን ገደለው? የት? መርዛም ነበር ወይስ ዝም ብለው ነው የገደሉት? እሱን ጠይቂና ጻፊ። ያመጣው ሰው ካለ ስሙን ከሥሩ አስፍሪለት። እኔም ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የጅቡን ድምፅ ልስማ።

ሱሉልታ_ባዮሎጂ፦

ጋሼ፣ ያመጡት ዘበኛችን ናቸው። ጠየቅኳቸው። «የአይጥ እባብ ነበር፣ ምንም አያደርግም፣ ደንግጬ ነው» አሉኝና ስሜ አይጻፍ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንጠብቅዎታለን።